የጓሮዬ ውሃ ወዴት ይሂድ?

ነሐሴ ሲጋመስ ምክንያቱን በውል የማላውቀው ድብርት ይጫነኛል። ሥራ አይጠፋም፣ ሰውም አይጠፋም፤ ነገር ግን ሰማዩ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሲዳምን እኔም አብሬው እዳምናለሁ። ዛሬ ወደ ጓሮ የወጣሁትም እውነቱን ለመናገር ዶሮዎቹ ስላሳሰቡኝ አልነበረም፤ ከቤት ለመውጣት ሰበብ ፈልጌ ነው።

በሽቦው አጥር ውስጥ ያለው መሬት ግን መሬትነቱን ትቷል። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች መታረጃዋን ካራ ይባል የለ፤ የእኔዎቹም በበጋ ሣሩን ከነሥሩ ጭረው ጨርሰው አሁን ያንኑ ራቁቱን የቀረ አፈር ከኩሳቸው ጋር እየረገጡ ያቦኩታል። ኩስና ደቃቅ አፈር አንድ ላይ ሲቦካ ደግሞ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ስለዚህ የወረደው ዝናብ ወደ ታች አይሰርግም፣ ወደ ጎንም አይሄድም፤ እዚያው ተኝቶ ይሸታል። ሽታውን ቆሞ ማሽተት አይበቃም። በዶሮዋ ቁመት ልክ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ካቃጠለኝ እርሷ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ያንን መሆኑን እረዳለሁ።

ታናሽ እህቴ ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ «አቦ፣ ገለባ በትንበትና ተገላገል!» ትለኛለች። በእርጥብ ጭቃ ላይ የተበተነ ገለባ ግን ለአንድ ቀን ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን ጠጥቶ ይበሰብሳል፣ ይሻግታል፣ ሻጋታውም በአየር ወደ ዶሮዎቹ ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ያንን የሚያዳልጠውን ላይኛውን ንጣፍ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ድረስ በአካፋ ገፍፎ ማውጣትና ከጓሮው ጥግ ቆልሎ እንዲብላላ መተው ነው፤ ትኩሱን ኩስ ተክል ሥር ቢያፈሱት ተክሉን ያቃጥለዋልና። ከዚያ ከሥር ጠጠርና አሸዋ፣ ከላይ ደግሞ ቶሎ የማይበሰብስ ሸካራ ነገር ይነጠፋል።

ሸካራው ነገር ምን ይሁን የሚለው የሐረር ሰው ጥያቄ ነው። የማሽላ አገዳ ተቆራርጦ ቢነጠፍ የሚስተካከለው የለም፤ ውሃውን ከሥሩ ያሳልፋል፣ ዶሮዎቹም በላዩ ይራመዳሉ። ነገር ግን በነሐሴ የዘንድሮው ማሽላ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ነው፤ የአምናው ደግሞ ወይ ከብት በልቶታል ወይ ምድጃ ገብቷል። ከባቢሌ የሚመጣው ኦቾሎኒ ቅርፊቱ ቀላልና ደረቅ በመሆኑ ጥሩ ምንጣፍ ይወጣዋል፤ ሆኖም እርጥበት ካገኘ መሻገቱ አይቀርምና ከጣሪያ ውጭ አላወጣውም። በከተማችን የማያልቀው ገራባ፣ የጫት ውዳቂ፣ ነው። እንጨት እንጨቱ ያገለግላል፤ ቅጠሉ ግን እርጥበቱን ይዞ ስለሚመጣ ጭቃውን ከመርዳት በቀር ጥቅሙ አልታየኝም። ዶሮዎቹ ቅጠሉን ሲለቅሙ አይቻለሁ፤ እንቅልፍ ስለማጣታቸው ግን ማስረጃ የለኝም።

ይህን ያህል መጨነቄ ለመልኩ አይደለም። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታ ተውሳክ ከኩስ ጋር ወጥቶ፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ዶሮ ለመበከል ይደርሳል፤ ጫጩቶች በጭቃው ሲለቅሙ ይውጡታል፣ ከዚያም ክንፋቸውን ጥለው ይኮራመታሉ፣ ኩሳቸው ደም ይቀላቅላል። ስለዚህ ጫጩቶቹን ከነእናታቸው በደረቅ ሰጋቱራ ላይ ከቤት ውስጥ አስቀርቻቸዋለሁ። የመጠጫውንም ዕቃ ከድንጋይ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

የጭቃው ሁሉ ምንጭ ግን ውሃው ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደውን አሸንዳ አስሬለት ወደ በርሜል አስገብቼዋለሁ። ከላይኛው ግቢ እየተንደረደረ የሚመጣውን ደግሞ ከአጥሩ በላይ በኩል ቦይ ቆፍሬለት ዶሮዎቹን ዞሮ እንዲያልፍ አድርጌያለሁ፤ ቦዩም ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ከግቢዬ ጠርዝ ደርሷል። የቀረው የመጨረሻዋ ክንድ ብቻ ናት። ከእርሷ በታች የጎረቤቴ የአዴ ጓሮ፣ ከጓሯቸውም ውስጥ በርበሬያቸው አለ።

እዚህ ላይ ነው ዶማውን ተደግፌ የቀረሁት። ለካስ ውሃ አይወገድም፤ ወደ ሌላ ሰው ይላካል እንጂ። የሐረሩ ገዢ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን በግንብ ሲያጥር ይህች ጥያቄ ሳትመጣበት አትቀርም ብዬ አሰብኩ፤ በተዳፋት ላይ ያለን ከተማ ዙሪያውን በድንጋይ የዘጋ ሰው፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በየት እንዲወጣ አሰበ? የጀጎል ጠባብ መንገዶች ዝናብ ሲጥል ራሳቸው ቦይ ይሆናሉ፤ በበሮቹ በኩል ወጥቶ የሚወርደውን ጎርፍ ከታች የሚቀበለውስ ማን ነበር?

እኛ በኤረር በር አቅጣጫ የምንኖረው ሰዎች ውሃችን ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ኤረር ደግሞ የባቢሌ ዝሆኖች የሚውሉበት ሸለቆ ነው። ከዚያ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይቀላቀላል፤ ዋቢ ሸበሌም ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባና በአብዛኛው ዓመት ከባሕር ሳይደርስ በአሸዋና በረግረግ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ከእኔ የሽቦ አጥር የወጣ ኩስ በአዴ በርበሬ፣ በዝሆኖቹ እግር ሥር አድርጎ ጎረቤት አገር ሊገባ ነው ማለት ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከተማው በጀሪካን ሲሰለፍ ያየ ሰው ውሃን ከደጁ ለማባረር ዶማ መያዙም ለብቻው ይደንቃል። እዚያው ጉድጓድ ቆፍሬ፣ በድንጋይ ሞልቼ ላስቀረው ብዬም ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ አፈር ግን ከዚህ በላይ የሚቀበልበት አንጀት የለውም።

ጥሬው ከእጄ ሳይበተን መሽቶ ዶሮዎቹ ተስፋ ቆርጠው ቆጣቸው ላይ ወጥተዋል። ስለ ዝሆኖቹና ስለ ሶማሊያ ይህን ያህል ተጨንቄ ሳበቃ፣ በአንድ ግድግዳ የምንለያየውን አዴን ግን ገና አላነጋገርኳቸውም። ነገ በጠዋት አንኳኩቼ ልጠይቃቸው? ወይስ ያቺን የመጨረሻ ክንድ የዛሬ ሌሊት ዝናብ ራሱ ቆፍሮ ከሐፍረት እንዲያወጣኝ ልተኛ?