ሊጥ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ

ጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2016፣ ረቡዕ ነበር። ያኔ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ይኖር የነበረ ሰው ያን ምሽት የሚያስታውሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ በምትሆን በረዶ ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ተገትሮ በማምሸቱ ነው። እኔ የማስታውሰው በሊጡ ነው። ከአንድ ኪሎ ተኩል ዱቄት የተቦካ፣ ያልተጋገረ የድፎ ሊጥ ጭኔ ላይ ይዤ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

የጥምቀት ዕለት ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን ይበላል። ከከተማው በስተሰሜን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛችን ዶሮ ሠርቶ ጠርቶናል፤ ዳቦው የእኔ ድርሻ ነው። በስተደቡብ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤቴ ምድጃው ጠባብ ነው፤ ድፎውን ከሥር ያሳርረዋል፣ ከላይ ጥሬ ይተወዋል። ስለዚህ ቤቴ አቡክቼ እሱ ቤት ልድፋ አልኩ። ለጓደኞቼ የሰጠኋቸው ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ቁጭ ብዬ መመስገን አምሮኝ ነው።

ማቡካቱ ብዙ ወሬ የለውም። ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የተፈጨ ድንብላል፣ ቆንጠር ተደርጎ ኮረሪማ። ኮባ ስለማይገኝ ከእስያውያን ሱቅ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን የሙዝ ቅጠል ገዝቼ፣ አለዝቤ፣ ጠቅልዬ ያዝኩ።

ጥፋቴ የጀመረው እርሾው ላይ ነው። ሰባት ግራሟ ፓኬት ለግማሽ ኪሎ ገደማ ዱቄት ናት ይላል የፓኬቱ ጽሑፍ፤ ለብ ባለ ውኃ በጥብጡም ይላል። እኔ ሌላ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ተኩል አንዷን ብቻ ጨምሬ፣ በቧንቧ ውኃ አቡክቼ አሳድረዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ከሥራ ገና መግባቴ ነበርና ቸኮልኩ። ሦስት ፓኬት፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ልክ እንደታዘዘው። የፓኬቱን ጽሑፍ አትመኑት። እሱ የተጻፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ዳቦ ለሚፈልግ ሰው ነው። ድፎ የሚጣፍጠው ሳይቸኮል ሲቦካ ነው።

ሦስት ጓደኞቼ መጥተው ሲወስዱኝ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። በረዶው ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። «ትንሽ ናት» አልን፤ ትንበያውም ያለው ይህንኑ ነው። ድስቱን በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ ሹፌራችንን «ማሞቂያውን ጨምርልኝ፣ ሊጡ እንዳይበርደው» አልኩት። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እየደገሙ ይስቁብኛል።

በሩብ ሰዓት የምንሻገረውን የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ለመሻገር ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መሬቱ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ስለነበር የወረደው በረዶ በጎማ ተረግጦ መስታወት ሆነ። ጨው የሚባል ነገር መንገዱ ላይ የለም። የዚያ መንገድ ኃላፊዎች መስኮት የላቸውም? እኛ እንኳ፣ ከበረዶ አገር ያልመጣነው፣ ደጃችን ላይ ጨው መበተን በመጀመሪያው ክረምት ተምረናል። በማግስቱ ይቅርታ ተጠይቀናል፤ ይቅርታው ግን ሊጤን አልመለሰልኝም። ፕሬዝዳንት ኦባማም ያን ምሽት ከአንድሪውስ የአየር ኃይል ሰፈር ኋይት ሃውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደፈጀባቸው ኋላ ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ።

16ኛው መንገድ ላይ፣ የሜሪዲያን ሂል ዳገት ሥር፣ ጨርሶ ቆምን። ከፊታችን አንድ አውቶቡስ በጎኑ ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቷል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል፣ የሚንቀሳቀስ የለም። መኪናው ውስጥ እንደ ሐምሌ ጎጃም ሳይሆን እንደ ግንቦት አፋር ይሞቃል። ጋቢው በራሱ ጊዜ ከፍ አለ። ገልጬ ሳየው ክዳኑ በአንድ ጎኑ አዘንብሏል፤ በሥሩ ነጭ፣ አረፋ ያዘለ ሊጥ እንደ ምላስ ወጥቶ ወደ ጉልበቴ ይወርዳል። በእጄ መለስኩት። በሌላ በኩል ወጣ። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛችን በነጠላዋ ልትይዘው ሞከረች፤ ነጠላውም ሊጥ ሆነ። የወንበሩን ቀበቶ መቆለፊያ ሳይቀር ሞላው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። ቃና ዘገሊላ ስለሆነና የሚካኤል ታቦት ስለሚገባ ተነሥታ ነጠላዋን እየደረበች ነበር።

«በረዶ ውስጥ ቆሜያለሁ እያልክ ሊጥ ታሞቃለህ? አንተ ልጅ፣ ወደ ውጭ አውጣው!»

ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ዓለም ማቀዝቀዣ ነበር። አንዳችንም አላሰብነውም። ወጣሁና ድስቱን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት። የሚሠራ ሞተር ያለው መኪና ኮፈን ምን ያህል እንደሚሞቅ የገባኝ ሊጡ እንደገና ሲያብጥ ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ አወጣሁት፣ እጅጌዬን ሰብስቤ በቡጢ ደቆስኩት፣ አየሩን አስወጣሁ። ሽታው ጠላ ጠላ ይላል። ይህን የምነግራችሁ አንድ ነገር እንድታውቁ ነው፦ እርሾ ሲበዛበትና ሲሞቀው የሊጡን ስኳር በልቶ ይጨርሰዋል፤ ሊጡ ይለሰልሳል፣ አያይዞ የያዘው ክር ይበጣጠሳል፣ የቱንም ያህል ቢቦካ መልሶ አይነሣም። ቢጋገርም አይቀላም፤ ለመቅላት የሚሆን ስኳር አልተረፈውምና።

መኪናውን ጠርዝ አስይዘን ወደ 9ኛው መንገድ በእግር ሄድን፤ የአበሻ ምግብ ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ሁለታችን ድስቱን በጆሮው ይዘን፣ አንዷ ጃንጥላ ዘርግታልን። «ዛሬ እኛም ታቦት አጅበናል» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አማተበች።

የገባንበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ ምድጃዎን ለአንድ ሰዓት ቢያውሱኝ» አልኳቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

«ጠላ ጠምቀህ ነው ዳቦ የምትለኝ?»

ግን አልመለሱኝም። አንድ ሁለት እፍኝ ዱቄት ጨምረው አሹት፣ ቅጠሉን አነጠፉ፣ ደፉት። ሲወጣ ቁመቱ ሁለት ጣት፣ መልኩ የታመመ ሰው ፊት ነው። ሲቆረስ ይኮመጥጣል። እንደ እኛው መንገድ ያስቀራቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ተነሥተው ባረኩት፣ ቆረሱት፣ ለሁሉም ደረሰ። ሴትዮዋ አዋዜና የተረፈ ዶሮ ወጥ አወጡ። በማያውቁት ሰው ዶሮ የእኔን ኮምጣጣ ዳቦ እያጠቀሱ ሰዎቹ «ደግሞ ባህል ነው» አሉኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። በመስኮቱ ውጭ በረዶው መብራቱ ሥር ይዘንባል፣ አንድ ታክሲ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፤ እኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወጣን። የሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛችን ለአሥር ሰው የሠራውን ዶሮ አፍጥጦ ሲያየው አመሸ፤ ሦስት ቀን አኩርፎናል።

ምን ባደርግ ይሻል ነበር? እቤቴ፣ በዚያው በሚያሳርረው ምድጃ፣ ሁለት ትንንሽ አድርጌ መድፋት። ቀዝቃዛ የተጋገረ ዳቦ በሰው ምድጃ መልሶ ይሞቃል፤ ያለቀለት ሊጥ ግን ምንም አይመልሰውም። ሊጥ መያዝ ግድ ከሆነባችሁም በቀዝቃዛ ውኃ ይቡካ፣ እርሾው ከታዘዘው ሢሶው ይሁን፣ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይሂድ። ጋቢውን ለራሳችሁ ልበሱት። ሌላው፣ ትንሽ በረዶ ሲባል ከቤት አትውጡ። ብዙ ሲባል ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀራል፣ መንገዱም ይጠረጋል። ሰው የሚያልቀው በትንሹ ነው።

ብዙው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት ነው። እስከ ቅዳሜ ሌሊት አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጣለ፤ ባቡሩም ቆመ። እኔ ሐሙስ ማታ በአንዲት ፓኬት አቡክቼ ዓርብ ጠዋት በጠባቡ ምድጃ ደፍቼ ነበር። ቀልቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ሲያንኳኩት ድምፅ እየሰጠ ወጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዳቦ ጋግሬ አላውቅም፤ የሚቆርሰው ሰው ግን በር ላይ አልደረሰም። ከሻይ ጋር ለብቻዬ ስቆርስ ሹፌራችን ደወለልኝ። ደኅና መሆኔን አልጠየቀኝም። የፊቱ ወንበር ቀበቶ አልቆለፍ እንዳለው ሊነግረኝ ነው።