በአርካንሳስ ወንዝ ካዲስ ሲወጣ ትራውትን ያጠመድኩበት መንገድ

የአርካንሳስ ወንዝ በኮሎራዶ ግዛት ከሌድቪል ከተማ አቅራቢያ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ በቡዌና ቪስታ፣ በሳላይዳ እና በካንየን ሲቲ በኩል ወደ ሜዳው ይወርዳል። እኔ የምኖረው በዴንቨር ነው፤ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳትን እንዲመስል በመንጠቆ ላይ በተሠራ ማታለያ፣ ዓሣ ማጥመድን በሚገባ የተማርኩትም በዚህ ወንዝ ላይ፣ በአገሩ አጥማጆች ዘንድ «የእናቶች ቀን ካዲስ» ተብሎ በሚታወቀው የጸደይ ወቅት ነው። አሜሪካውያን የእናቶችን ቀን የሚያከብሩት በሜይ ወር በሁለተኛው እሑድ ሲሆን፣ ካዲስ የተባሉት ነፍሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀድመው፣ ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ ይወጣሉ። ስሙን አምኖ ቀኑን የጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በበረዶ ቅላጭ የደፈረሰ ውሃ ነው።

ካዲስ ትንሽ የእሳት እራት የሚመስል፣ ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ጎጆ ክዳን በጀርባው ላይ የሚያለብስ ነፍሳት ነው። ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚጨርሰው በውሃ ውስጥ ነው። ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል መሰል እጭ ከዕፅዋት ስብርባሪ አራት ማዕዘን የሆነ ጠባብ ቤት ሠርቶ በሐሩ ከድንጋይ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጸደይ ሲቃረብ የቤቱን አፍ ይዘጋና ፒዩፓ ወደሚባለው ደረጃ ይሸጋገራል። ለውጡ ሲፈጸም ቤቱን ቀድዶ ይወጣል፣ እየዋኘ ወደ ውሃው ገጽ ይደርሳል፣ እዚያም ቆዳውን ገፍፎ ይበራል። ይህንን ቅደም ተከተል በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ አብዝቶ የሚመገበው በአየር ላይ የሚበረውን ካዲስ ሳይሆን ከወንዙ ወለል ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለውን ስለሆነ፣ የማጥመዱ ሥራ በሙሉ የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ መሣሪያዬ ቴርሞሜትር ነው። የውሃው ሙቀት 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአገሩ መለኪያ 54 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ነፍሳቱ በብዛት መውጣት ይጀምራሉ። ዝቅተኛው ቦታ ቀድሞ ስለሚሞቅ ሂደቱ ከካንየን ሲቲ አካባቢ ይነሣና በቴክሳስ ክሪክ እና በኮቶፓክሲ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ሳላይዳ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ወይም ድንገተኛ በረዶ ከመጣ ደግሞ ባለበት ይቆማል። አውራ ጎዳና ቁጥር 50 ለረጅም ርቀት ወንዙን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ እኔም በየቦታው መኪናዬን እያቆምኩ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ከውሃው ዳርም ድንጋይ ገልብጬ የካዲስ ቤቶቹን እመረምራለሁ። አፋቸው ተዘግቶ ከሆነ ጊዜው ቀርቧል፤ ባዶ ከሆኑ ማዕበሉ አልፏል ማለት ነው።

ብዙዎች ነፍሳቱ እንደ ደመና የሚታዩበትን ቦታ ይመርጣሉ። ዕይታው በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ይጠቁራል፣ ልብስና መነጽር ይሸፈናል። እኔ ግን ያን ጊዜ ጥቂት ማይሎች ሽቅብ መሄድን እመርጣለሁ። በብዛቱ መካከል ዓሣው ጠግቧል፣ የእኔም ዝንብ ከሺህ እውነተኞች መካከል አንዷ ብቻ ትሆናለች። በነፍሳቱ ጉዞ ግንባር ላይ፣ እነሱ ገና በጣት በሚቆጠሩበት ስፍራ ግን፣ ክረምቱን በጥቂት ምግብ ያሳለፈው ዓሣ ያገኘውን ሁሉ በጉጉት ይቀበላል።

የምጠቀምበት ዘንግ 9 ጫማ ርዝመት ያለውና በክር ክብደት መለኪያ ቁጥር 5 የሚባለው ነው። በክሩ ጫፍ ሁለት ዝንቦችን አስራለሁ፦ ከላይ በአጋዘን ፀጉር የተሠራና የሚንሳፈፍ ካዲስ፣ ከእሱ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ፒዩፓውን የሚመስል፤ የሁለቱም መንጠቆ ቁጥር 14 ወይም 16 ነው። በዚህ ወንዝ ትልልቆቹ ዓሦች ከዳር ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር የማይርቅ ውሃ ውስጥ፣ ከድንጋዮች ጀርባ ስለሚቆሙ፣ ወደ ውሃው ሳልገባ አስቀድሜ ዳሩን በጥንቃቄ እሞክራለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው የዓሣውን አነሣስ ማንበብ ነው። ዓሣው ከላይ የሚንሳፈፈውን ሲውጥ አየርም አብሮ ስለሚስብ፣ ከጠለቀ በኋላ በውሃው ላይ አረፋ ይቀራል። ጀርባው ወይም ጅራቱ ታይቶ አረፋ ካልቀረ ግን የበላው ከገጹ በታች ያለውን ነው፤ ውሃውን እየረጨ የሚዘልም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድደው ወደ ላይ የሚያመልጥ ፒዩፓን ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት የላይኛውን ዝንብ ደጋግሞ መወርወር ድካም ብቻ ነው። እኔ ክሩ ሳይጎተት ከፍሰቱ ጋር እንዲሄድ እተወዋለሁ፤ ዝንቡ ዓሣው አለበት ወደምለው ቦታ ሲቃረብ ዘንጉን በዝግታ ከፍ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ክሩ ይወጠርና የታችኛው ዝንብ ልክ እንደ እውነተኛው ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ ወንዝ ላይ ካጠመድኳቸው ዓሦች የሚበዙት ዝንቡን የያዙት በዚያች ቅጽበት ነው። ወደ ማታ፣ ነፋሱ ሲረግብና እንስቶቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ውሃው ሲመለሱ፣ ሁኔታው ይገለበጣል፤ ዓሣው በዝግታ ከገጹ ላይ መልቀም ስለሚጀምር የታችኛውን ዝንብ እፈታለሁ።

በብዛት የሚያዘው ቡናማው ትራውት ነው። እሱ የወንዙ ተወላጅ አይደለም፤ ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ የአካባቢው ነባር ዓሣ በጉሮሮው ሥር ቀይ ምልክት ያለው ከትስሮት ትራውት ነው። በባሌ ተራሮች በዌብ ወንዝ የሚገኘው ትራውትም ከውጭ የገባ ስለሆነ፣ ይህ ጉዳይ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይህ ወንዝ ራሱ በሌድቪል የማዕድን ማውጫዎች በሚለቀቅ ከባድ ብረት ለብዙ ዘመን ተበክሎ ነበር። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1983 በፌዴራሉ የጽዳት መርሐ ግብር ውስጥ ከገባ በኋላ በተሠራው ረጅም ሥራ ነፍሳቱም ዓሣውም አገገሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ግዛቱ 102 ማይል ለሚሆነው የወንዙ ክፍል ለምርጥ የትራውት ውሃዎች የሚሰጠውን «የወርቅ ሜዳሊያ» ደረጃ ሰጠው። ነፍሳት በሌሉበት ትራውት አይኖርምና፣ ዛሬ ድንጋይ ስገለብጥ የማገኘው የካዲስ ብዛት የዚያ ሥራ ውጤት መሆኑን አምናለሁ።

ስለዚህም ሁሉንም ዓሣ ወደ ውሃው እመልሳለሁ። በመንጠቆው ጫፍ ያለውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ በፒንሳ አስቀድሜ እደፈጥጠዋለሁ፣ እጄን አርሳለሁ፣ ዓሣውንም በመረቡ ውስጥ ከውሃ ሳላወጣ እፈታዋለሁ። መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ የግዛቱን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ ደንቡም ከአንዱ የወንዙ ክፍል ወደ ሌላው ስለሚለያይ በሚቆምበት ቦታ የሚሠራውን አስቀድሞ ማንበብ አለበት። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ውሃው ከፍ ሲልና የቆምኩበት ወለል ከጉልበቴ በታች መታየት ሲያቆም ከወንዙ እወጣለሁ፤ ፍሰቱ እስኪቀንስም ወደ ውስጥ ሳልገባ ከዳር ሆኜ ብቻ አጠምዳለሁ።