«ዲናሞው ሞቷል» ሲሏችሁ

የባትሪ ምልክቷ ዳሽቦርድ ላይ በርታ ቀርታለች፣ ጠዋት መኪናው በግፊ ነው የተነሳው፣ ጋራዥ ሲደርስ «ዲናሞው ሞቷል፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሌላ አምጡ» ይባላል። ዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ፣ ግን እንደ አምፖል ባንዴ አይሞትም። ውስጡ ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ካርቦን አለ፣ ቮልቴጁን የሚቆጣጠር ሬጉሌተር አለ፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ለባትሪው ወደሚሆን ቀጥተኛ (ዲሲ) የሚቀይሩ ዳዮዶች አሉ፣ ዘንጉን ይዞ የሚያዞር ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ የሚሽከረከረው ሮተርና ዙሪያውን የተጠቀለለው ስቴተር አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሄደው ከነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ይጠገን ወይስ ይቀየር ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

ስለዚህ ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) አውጡ። ሞልቶ ያደረ ደህና ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.0 ካሳየ ባዶ ነው፤ በቻርጀር ሳትሞሉት በዲናሞው ላይ አትፍረዱ። ሞተሩን አስነስታችሁ ባትሪው ፖል ላይ ስትለኩ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ጥሩ ነው። ትልቁን መብራትና ማራገቢያውን ክፈቱ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሞተሩን በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ያዙት። ከ13.2 በታች ከወረደ ዲናሞው ጭነቱን አልቻለም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ሳይጨርሰው ዛሬውኑ ይቀየር። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቻርጁን ስለሚቀንስ 12.8 ብታዩ አትደንግጡ፣ መብራት ስታበሩ ከፍ ካለ ደህና ነው።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። መብራት በርቶ፣ ሞተር እየሠራ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋተኛው ገመዱ ወይም የዛገው ካፒኮርዳ (የገመዱ ጫፍ ማሰሪያ) ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ከላላም እንዲሁ ያታልላል። በዚህ ብቻ ስንቱ ጤነኛ ዲናሞ ወርዶ ተጥሏል!

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚለውን የድሮ ፍተሻ ግን ማንም እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ባንዴ ይዘልና ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ አንዳንዴም የሞተሩን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። ጤነኛ የነበረው ዲናሞ በፍተሻው ይሞታል።

በቆየ ዲናሞ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦኑ ነው፣ ይህ ደግሞ ጥገናው ርካሽ ነው። የድሮ ኮሮላ ላይ ያሉትን የመሰሉ የዴንሶ ዲናሞዎች ጀርባቸው ላይ ክዳኑን የያዙ ሦስት ዳዶዎች አሉ፤ ክዳኑ ሲነሳ የካርቦን መያዣው በሁለት ቪቴ፣ ሬጉሌተሩ በሦስት ቪቴ ታስሮ ይታያል። (ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ያ ወፍራም ገመድ ሁሌም ኃይል አለበት።) አዲስ ካርቦን ከመያዣው 10.5 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል፤ 1.5 ላይ ከደረሰ አልቋል፣ ግማሽ ላይ ከደረሰም ከተከፈተ አይቀር ይቀየር። አዲሱ ካርቦን በሊድ ይበየዳል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ እጅ የሚሳሳተው። ሊዱ ከበዛ በተገመደችው ቀጭን የመዳብ ጅራት ወደ ውስጥ ይሰርግና ያደርቃታል፣ ካርቦኑም በሞላው (በስፕሪንጉ) ተገፍቶ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ከብየዳው በኋላ በጣት ገፍታችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ተስፈንጥሮ ካልተመለሰ ሥራው ይደገም።

ካርቦኑ የሚሄድባቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶችም እዩ። ጠቁረው ብቻ ከሆነ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተቆፈረባቸው ቶርኖ ቤት በስሱ ይላጣሉ፤ ለመላጥ የሚበቃ መዳብ ካልቀረ ሮተሩ አብቅቷል። በቀለበቶቹ መካከል ከ2 እስከ 4 ኦም ይጠበቃል። ከቀለበቱ ወደ ዘንጉ ግን ምንም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ሮተሩ ተቃጥሏል።

ዳዮድ ሲሄድ ምልክቱ ሌላ ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪው ይወርዳል፣ ሞተሩ ከጠፋ ሰዓታት አልፈው ሌላው ሁሉ ቀዝቅዞ ዲናሞው ጀርባ ብቻ ለብ ይላል። ሞተር እየሠራ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪውን ስትለኩ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮድ ነው። የዳዮዱ ፕሌት ለብቻው ከተገኘ ይቀየራል።

ኩሽኔታ ሲጮህ ችላ አይባልም። ቺንጋውን አውልቁና የሚያርፍበትን ጎማ (ፑሊውን) በእጅ አዙሩ፤ አሸዋ እንዳለበት ከተንሻከከ ሁለቱንም ቀይሩ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከቆየ ሮተሩ ስቴተሩን መላጨት ይጀምራል፣ ያኔ ጥገና የሚባል ነገር የለም። የኩሽኔታው ቤት ሰፍቶ ቆርቆሮ ጠቅልለው ሊያስገቡ ሲሉ ካያችሁም «ተዉት» በሉ፤ አይቆይም።

ስቴተር ከተቃጠለ ይቀየር ነው የምለው። ማስጠቅለል ይቻላል፣ ግን መኪና ሞተር ሥር ያለው ሙቀትና ንዝረት ደካማ ጥቅልልን ቶሎ ይበላዋል። የጥገናው ሂሳብ ከደህና ዩዝድ ዋጋ ግማሽ ሲያልፍም እንዲሁ።

ስትገዙ እኔ ከርካሽ አዲስ ኮፒ ይልቅ ኦሪጅናል ዩዝድ እመርጣለሁ። አምፔሩ ከበፊቱ አይነስ፣ የሶኬቱ እግር ብዛት፣ የፑሊው ቦይ ብዛትና የማሰሪያው ጆሮ ይመሳሰሉ። በመተንፈሻው ቀዳዳ ወደ ውስጥ እዩ፤ መዳቡ ቀላ ብሎ የሚያብረቀርቅ እንጂ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው አይሁን። ከመገጠሙ በፊት ካርቦኑ ይታይ። ዘይት የሚንጠባጠብበት ከሆነ መጀመሪያ ፍሳሹ ይዘጋ፣ ላቫጆ ሞተር ሲታጠብም ዲናሞው በላስቲክ ይሸፈን።

ከተገጠመ በኋላ በወረደ ባትሪ አታስነሱት። ባዶ ባትሪ ዲናሞውን ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ያሠራውና ዳዮዶቹን ያግላል። ባትሪው በቻርጀር ይሞላ፣ ከዚያ ይነሳ፣ መብራት ተከፍቶ እንደገና ይለካ።