ባዶው ቅንፍ

ዛሬ የእህቴ ልጅ የዲፓርትመንት ምርጫውን ይዞ መጣ። ኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ነው። ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ደብተሩ ላይ በተራ ጽፎታል።

"ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ።"

ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን የመከረውን ሰው በቅንፍ አስፍሯል። ሶፍትዌር (ቲክቶክ)። ሲቪል (አባዬ)። ኤሌክትሪካል (የዶርም ልጆች)። ሜካኒካል መጨረሻ ላይ ናት፤ ቅንፏ ባዶ ነው።

"ይቺንስ ማን አለህ?"

"ማንም። እኔው ነኝ።"

ይሄ ልጅ እኮ የግቢውን የውሃ ፓምፕ ፈትቶ፣ ጎሚኒውን ቀይሮ የሚገጥም ነው! እጁ ግሪስ ካልነካ ቀኑ አይመሽለትም።

መካሪው ሁሉ የሚያየው የዛሬውን ገበያ ነው። ልጁ የሚመረቀው ግን ገና ከአራት ዓመት በኋላ። ደግሞስ የትኛው ነው የሚቀረው? የህዳሴ ግድብን እንኳ ብናይ፣ ኮንክሪቱ ሲቪል፣ 13ቱ ተርባይኖች ሜካኒካል፣ ጄነሬተሩ ኤሌክትሪካል ይፈልጋል።

ምደባው በውጤት ስለሆነ አንደኛ የጻፈውም ላይደርሰው ይችላል። ቢሆንም ነገ ወርክሾፕ ገብቶ የአራተኛ ዓመት ልጆችን ሊያናግር ተስማምተናል። አባቱን ማሳመን የኔ የቤት ሥራ ሆኗል። ሰውየው ደግሞ ሲቪል ካለ ሲቪል ነው 😅