የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል ታውቁታላችሁ?

ግንቦት መጥቶ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር እኛ ሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦዩን ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ክረምት ቀልድ አይደለም። ኮብልስቶኑን ነዋሪው ብር አዋጥቶበት ነው የተሰራው፣ መንገዱ አምሯል፣ ግን የውሃ መውረጃው መሀል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፣ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በሙሉ እዛ ሲደርስ ታጥፎ የሚገባው አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ግቢ ነው። አምና ነሐሴ ሌሊት ተጠርተን ስንሄድ ቡሃቃው ከነሊጡ ተንሳፍፎ፣ ለክረምት ያስቀመጡት ኩበት ሟሙቶ፣ እሳቸው አልጋ ላይ እግራቸውን ሰብስበው ጋቢ ተከናንበው አገኘናቸው። "ልጆቼ፣ ቤቱ አይፍረስ እንጂ ሌላው ግድ የለም" ነበር ያሉን።

ከዛ በኋላ እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች ከንቲባ ቢሮ ተመላለስን። አራት ጊዜ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፊልድ ወጥተዋል፣ ሰኞ ኑ። የከተማዋን ስም የማልጠራው ሰው ለማሳጣት ስላልሆነ ነው፣ ደግሞ ሌላም ከተማ ያለ ሰው ይሄን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከቀብር ስንመለስ ለእድራችን ሰብሳቢ ነገርናቸው። ጋሼ ሰምተው ሰምተው "የምክር ቤት ተመራጫችንን አናግራችኋል?" አሉን። ዝም። ሶስታችንም ማን እንደሆነ አናውቅም! "ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው መምህርት ናት እኮ" አሉ። በየቀኑ ሰላም የምላት ሴት ናት፣ የከተማ ምክር ቤት አባል መሆኗን ግን በዛን ቀን ነው ያወቅኩት፣ እውነት ለመናገር አፍሬያለሁ።

ማታ ቤቷ ሄድን፣ ቡና አፈላችልን፣ እና እኔ በሃያ ምናምን አመቴ ያልገባኝን ነገር በሶስት ስኒ አስረዳችኝ። እኛ ከንቲባ ስንል ሁሉን የሚያዝ አንድ ሰው ነው የሚመስለን። በህጉ ግን ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ ህዝቡ በቀጥታ ድምጽ አይሰጥበትም። ህዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው። ምክር ቤቱ የከተማውን እቅድና በጀት ያጸድቃል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይወስናል፣ ከንቲባውንና ጽህፈት ቤቶቹን ሪፖርት ያስቀርባል፣ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፣ ስብሰባውን የሚመራው ደግሞ አፈ ጉባኤው ነው እንጂ ከንቲባው አይደለም። ከንቲባው አስፈጻሚ ነው፣ በጀቱን አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ሲጸድቅለት ያስፈጽማል። ጽዳቱን፣ ቄራውን፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን፣ ቦዩን የመሳሰለውን የማዘጋጃ ቤት ስራ በየቀኑ የሚከታተለው ደግሞ ስራ አስኪያጁ ነው። እኛ ግን ስራ አስኪያጅ ሚባል መኖሩንም ረስተን ከንቲባ በር ላይ ቆመን ነበር።

ደሞ ብሩ። ይሄኛው ነው በጣም የገረመኝ። የመምህር ደሞዝ፣ ጤና ጣቢያ ምናምን ከክልል በሚመጣ ድጎማ ይሸፈናል፣ ቦይና ኮብልስቶን ግን ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ነው የሚሰራው፣ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከጣሪያ ግብር፣ ከገበያ ከሚሰበሰበው። ስለዚህ እኔ የጣሪያ ግብር ከፍዬ ደረሰኝ ስቀበል ያቺ ብር የት እንደምትሄድ የሚወሰነው እዛ ምክር ቤት ውስጥ ነው። በጀት አመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ገብቶብህ ብትጮህ በጀቱ ተከፋፍሎ አልቋል፣ ጥያቄው መግባት ያለበት እቅዱ ሳይዘጋ ነው።

በነገራችን ላይ መብራት ሲጠፋም ከንቲባውን የምንሳደብ ብዙ ነን። መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ የፌዴራል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ደሴ የሚሄደው ዋና አስፋልትም የፌዴራል መንገድ ነው። የማን ስራ እንደሆነ ሳናውቅ ስንጮህ ባለቤቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ትልልቅ ሰዎች ከንቲባን እንደ ሹም ብቻ የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከንቲባ ጥንት የጎንደር ሹመት ነበር፣ በ1937 ማዘጋጃ ቤቶችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 74 ሲወጣም የአዲስ አበባና የጎንደር ከንቲባ የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ከዛ ደርግ መጣ፣ በ1967 የትርፍ ቤት አዋጁ ቀበሌን ፈጠረ፣ ሰው ጉዳዩን ቀበሌ መጨረስ ለመደ። ምክር ቤት ሄዶ መጠየቅ የሚባል ነገር ማን አስተማረን?

ወረቀት ላይ ግን አለ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ላይ ህዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ስልጣን ይሰጣል ይላል፣ አንቀጽ 12 ደግሞ ህዝብ በመረጠው ተወካይ እምነት ካጣ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል። ችግሩ መምህርቷ ራሷ ያነሳችው ነው። እሷ የተመረጠችው ሚያዝያ 2005 ነው፣ ያኔ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። 2010 ላይ መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፣ የ2013ቱ ምርጫ ደግሞ እንደኛ ላሉ ከተሞች የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ብቻ ነበር። "ለአምስት አመት ነበር የተመረጥኩት፣ ግማሹ ባልደረባዬ ከተማ ለቋል፣ አንዳንዱ ሞቷል፣ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ያለው ሰው እኔን መርጦኝ አያውቅም፣ ታዲያ በምን አፌ ነው ከንቲባን የምጠይቀው?" አለች። ይሄ ነገር ያመኛል። ምክር ቤቱ ካልታደሰ ከንቲባው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያይም፣ የሾመውን ያውቃል፣ መራጩን ከየት ያውቀዋል። ሰው አዲስ ከንቲባ መጣለት ወይ ተነሳበት ሲባል ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው የሚሰማው፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ልክ ነው ብለን መልመድ የለብንም። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ብዙ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቦይ ግን ፖለቲካ አይደለም።

ለማንኛውም ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። "ማመልከቻ ጻፉ፣ አንዱን ለስራ አስኪያጁ፣ አንዱን ለአፈ ጉባኤው በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፣ ቁጥር ሳይሰጣችሁ እንዳትወጡ፣ ከዛ እኔ ጉባኤ ላይ ቁጥሩን ጠርቼ እጠይቃለሁ" አለችን። የቦዩን ርዝመት በሜትር ለክተን፣ የተቆረጠበትን ቦታ በስልክ ፎቶ አንስተን አያያዝን። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤት ለቤት አስፈረምን። እማማ ጋ ስንደርስ ብእር አልያዝም አሉ፣ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ከስማቸው ጎን ጫን አድርገው አተሙና ወረቀቱን አንስተው እፍ እፍ እያሉ አደረቁት። ማክሰኞ መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥራችንን ተቀብለናል፣ የጉባኤው ቀን ሲነገር ሶስታችንም እንሄዳለን።