መቶ ዘርዝሪልኝ

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ አዳማ እኔ ዘንድ ሰነበተ። አንድ ቀን «ሁለት መቶ አምስት ብለህ ጻፍ» ብለው 2005 ብሎ ጻፈ። ተቆጣሁት። ማታ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የግዕዝ ቁጥር ያለበትን ካላንደር ሳይ ነገሩ ገባኝ። ልጁ የጻፈው የሰማውን ነው፤ መጀመሪያ 200፣ ከጎኑ 5። በግዕዝ ቢሆን ኖሮ አካሄዱ ልክ ነበር፦ ፪፻፭። እዚያ መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ዜሮ አያስፈልግም። በዚህኛው አጻጻፍ ግን 2 ሁለት መቶ የምትሆነው በተቀመጠችበት ቤት ብቻ ነው። አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት እያለ በቃሉ ይወጣዋል፤ ቤቶቹን ግን አይቷቸው አያውቅም።

በነጋታው ከደብተር ወረቀት አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ በረንዳ ላይ ዘረጋሁ። የአዳማን የበጋ ንፋስ የሚያውቅ ሰው አሁን እየሳቀብኝ ነው። አንድ ቤት ሙሉ በሙሉ ወደ ጎረቤት ግቢ ተሰደደ።

ሁለተኛውን ከሱቅ በለመንኩት የብስኩት ካርቶን ሠራሁት። አንዱ 2 በ2 ሳንቲ ሜትር፣ አስሩ 2 በ20፣ መቶው 20 በ20። ለሁለት ልጆች 40 አንድ፣ 20 አስርና 5 መቶ በቂ ነው። አስሩና መቶው ላይ ካሬዎቹን በእስክሪብቶ ማስመር እጅ ያዝላል፤ ቢሆንም አይዘለል። መስመር ከሌለው አስሩ ለልጅ «ረጅሙ» እንጂ አስር አይደለም። አስር ትንንሽ ካሬ በላዩ ደርድሮ ልክክ ሲል ማየት አለበት።

ቀለሙ ሌላ ጥፋቴ ነበር። አስሩን አረንጓዴ አድርጌው ስለነበር ልጁ «አረንጓዴ ስንት ነው» ሲባል አስር ይላል፤ ያልተቀባ ስሰጠው ግራ ገባው። የያዘው ቀለሙን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም የካርቶን መልክ እንደያዘ ቀረ። (በእውነተኛ ብር ለምን አላስተማርሽም ያለችኝ አለች። ሞክሬዋለሁ፤ የአስር ብር ኖት የአንድ ብርን አስር እጥፍ አያክልም፣ መሃል ላይ ደግሞ አምስትና ሃምሳ እየገቡ ይረብሻሉ።)

ጨዋታው ሱቅ ነው። የጎረቤት ልጅ ባለሱቅ ሆና ሳጥኑን ትይዛለች። ሕጉ አንድ ነው፦ በየትኛውም ቤት ከዘጠኝ በላይ አይታደርም፤ አስር የሞላ ሱቅ ሄዶ ድፍን ይቀበላል። ስንደምር «አንድ በእጄ» የምንላት ያቺ አንድ ከየት እንደመጣች በዚህ ያለ ብዙ ንግግር ታየች።

መቀነስ ላይ ግን ብዙ ቆየን። ከቤታችን በራፍ የንፋስ ማመንጫዎቹ ይታያሉ። በአዳማ አንድ 34፣ በአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሉ። «ሁለተኛው በስንት ይበልጣል?» አልኳቸው። ልጁ በደብተሩ ጀመረ፤ ከ2 ላይ 4 አይነሳም፣ ከጎረቤት ተበደር፣ ጎረቤቱ ዜሮ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባለሱቋ በበኩሏ «እትዬ፣ ይሄን የምንበደረውን መቼ ነው የምንመልሰው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እኔም በልጅነቴ መልሼ አላውቅም።

ካርቶኑን አወጣን። አንድ መቶ፣ ባዶ አስር ቤት፣ ሁለት አንድ። ልጁ መቶውን ይዞ ሄደና «መቶ ዘርዝሪልኝ» አላት። አስር አስሮች ቆጥራ ሰጠችው። ከነሱ አንዱን መልሶ «ይሄንንም ዘርዝሪው»። አሁን ዘጠኝ አስርና አሥራ ሁለት አንድ አለው። 34ን አነሳ፤ ስድስት አስርና ስምንት አንድ ቀረ፣ 68። ዜሮው ላይ በድንገት የምትጻፈው 9 ልጆች በጥንቆላ የመጣች የምትመስላቸው ናት፤ እዚህ ግን አስር ነበሩ፣ አንዱ ተዘረዘረ፣ ዘጠኝ ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታችን «መበደር» የሚለውን ቃል ትተነዋል። ዝርዝር ፈልጎ ሱቅ ያልተላከ ልጅ የለም፤ መዘርዘርን ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

ወደ 2005 የተመለስነው በመጨረሻ ነው። ከወረቀት 27 ካርዶች ቆረጥን፦ ከ100 እስከ 900 ሦስት አሃዝ የሚያህል ስፋት፣ ከ10 እስከ 90 ሁለት፣ ከ1 እስከ 9 አንድ። 200 ላይ 5ን በቀኝ ጫፍ ሲደርበው የመጨረሻዋ ዜሮ ተሸፈነች፣ 205 ሆነ። «የመሃሏስ ዜሮ ለምን አትወጣም? ቤቱ ባዶ ነው እኮ» አለኝ። ሳላስብ «ባዶ ቤትም ቢሆን በር አለው» አልኩት። አልተዋጠለትም። ባለሱቋ ናት ያስረዳችው፦ «እሷ ከወጣች 2 ገብታ ትኖርበታለች፣ 25 ይሆናል።»

ሺህ ላይ አልደረስንም፤ አስር መቶ ለመቁረጥ ካርቶንም ትዕግስትም አለቀብኝ። አሁን ልጁ ወደ እናቱ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት የደብተሩን ፎቶ ላከችልኝ። ከባድ የመሰለው ቅነሳ ጎን፣ ሕዳጉ ላይ፣ ካሬ፣ ሰረዝና ነጥብ ስሏል፤ ካሬው ተሰርዞ ከሥሩ አስር ሰረዞች ወጥተዋል።