ከአምስት ኮንች ሁለቱ እስኪቀሩ

ሳሎናችን ውስጥ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 50 ቁመት ያለው የመስታወት ገንዳ አለ። አዳማ ውስጥ ያለ መስታወት ሠሪ በልኬ ቆርጦ በሲሊኮን ያጣበቀልኝ ነው። የባሕር ዓሣዎች፣ ለስላሳ ኮራሎችና ኮንች የሚባሉ ሁለት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ይኖሩበታል። ኮንቾቹ አምስት ነበሩ። ሦስቱ የሞቱት በእኔ ጥፋት ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ያንኑ እንዳይደግመው የሆነውን እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአሸዋው ነው። ገንዳውን ካቆምኩ በሁለተኛው ወር ነጩ አሸዋ ቡናማ ልባስ ለበሰ። ዳያቶም የሚባሉት ረቂቅ አልጌዎች ናቸው፤ በአዲስ ገንዳ ላይ የተለመዱ ናቸው። ቡናማው ሲለቅ አረንጓዴው ተተካ፤ ከዓሣዎቹ የተረፈው ምግብና ኩሳቸውም ይጠራቀም ጀመር። በየሳምንቱ በቱቦ እየሳብኩ ባጸዳም በአራተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው ነው። መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚውሉት ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎቼ አሸዋውን ዞር ብለው አያዩትም።

ኮንች ግን አሸዋ ላይ ይበላል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። እንደ ዝሆን ኩምቢ የሚዘረጋ አፉን ወዲያና ወዲህ እያለ የአሸዋውን ፊት ይዳብሳል፤ አልጌውንና ዝቃጩን ይለቅማል። ሁለቱ ዓይኖቹ በረጃጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ስለተተከሉ ሲመለከታችሁ በእርግጥ የሚያያችሁ ፍጡር እንዳለ ይሰማችኋል። አካሄዱም እንደ ሌሎቹ መንሸራተት አይደለም፤ የቅርፊቱን አፍ የሚዘጋበትን ማጭድ የመሰለ መዝጊያውን አሸዋው ውስጥ ሰክቶ ይዘላል። ቢገለበጥ በዚያው ራሱን ያቃናል። ይህን ማድረግ አቅቷቸው በጀርባቸው እንደወደቁ የሚሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ናቸው።

አዲስ አበባ ከሚገኝ ነጋዴ አምስት ተዋጊ ኮንች ገዛሁ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ የሚገፋፉት ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ነው፤ ዓሣም ኮራልም አይነኩም። የተፈጥሮ አገራቸው ፍሎሪዳና ካሪቢያን ሲሆን አድገው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ንግሥት ኮንች የሚባለው ዘመዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ለቤት ገንዳ አይሆንም፤ ሕፃኑን ሲሸጡላችሁ ዝርያውን ጠይቁ። ቤት ስደርስ በቀጥታ አልጨመርኳቸውም። ከፋርማሲ በገዛሁት የግሉኮስ ቱቦ የገንዳውን ውኃ ወደ ባልዲያቸው በጠብታ እያወረድኩ ሁለት ሰዓት አቆየኋቸው። ድንገተኛ የጨው መጠን ለውጥ ለእነርሱ ከሙቀት ለውጥ የከፋ ነው።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልበል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ጨው በባልዲ ስበጠብጥ አይተው፣ «ልጄ፣ የአፍዴራ ጨው በየሱቁ ሞልቶ ይህን ከውጭ ማስመጣት ምን ይሉታል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር። በባሕር ውኃ ውስጥ ካለው ጨው ከመቶ 85 እጅ ያህሉ እኛ የምንበላው ዓይነት ነው። ነገር ግን የቀረው 15 እጅ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ይዟል፤ የኮንች ቅርፊትና የኮራል አጽም የሚሠራው ከዚሁ ካልሲየም ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ከሌለ ቅርፊቱ ይሳሳል። ስለዚህ ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው፣ ክሎሪንና ማዕድን በማጣሪያ በወጣለት ውኃ እበጠብጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደስታ ብቻ ነበሩ። አሸዋው ነጣ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ገንዳው እወስደው ነበር። ከዚያ አንዱ ኮንች መቀበሩን ተወ። ቀኑን ሙሉ አሸዋው ላይ ይተኛል፤ ስነካው ወደ ቅርፊቱ የሚገባው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። የደከመው ከመንገድ መስሎኝ ነበር፤ ከመንገድ ከገባ ሁለት ወር ያለፈው መሆኑን ግን አላሰብኩም። ውኃውን መረመርኩ፤ ጨዉ፣ ካልሲየሙ፣ ከኩስና ከምግብ ትራፊ የሚመጣው ናይትሬት ሁሉ ደህና ነው። በሳምንቱ ሞተ። ሁለተኛውና ሦስተኛው በወር ውስጥ ተከተሉት። ሦስተኛው የሞተው ሌሊት ስለነበር ጠዋት ሳወጣው ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ ከሚበሰብስ ሥጋ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያም ከፍ ብሎ የውኃውን ሩብ መቀየር ግድ ሆነብኝ።

መልሱ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ስኮራበት የነበረው ንጹሕ አሸዋ ባዶ ማዕድ ነበር። ዓሣዎቼን ቆጥሬ እመግባለሁ፤ እነዚህን ግን የጽዳት ሠራተኛ ብዬ ስላስገባኋቸው ምን እንደሚበሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የገንዳው ወለል 4,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድንጋዩ ሲሶውን ይይዛል። የሚቀረው 3,200 ላይ አምስት ጠንካራ በላተኞች ለቀቅኩ።

በሕይወት ላሉት ምግብ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከጓሯችን ቆስጣ ቀንጥሼ በፈላ ውኃ አለሳልሼ አስገባሁ፤ አልፈውት ሄዱ፤ እዚያው በሰበሰ። የተቀበሉት ኖሪን ነው፤ ሱሺ የሚባለው የጃፓን ምግብ የሚጠቀለልበት የደረቀ የባሕር አልጌ ነው፤ ዘይትና ቅመም የሌለበትን መርጬ ከአዲስ አበባ አመጣለሁ። የገንዳውን መብራት ካጠፋሁ በኋላ ቁራጩን በትንሽ ድንጋይ አሸዋው ላይ እጫነዋለሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ኩምቢው ወጥቶ የቅጠሉን ጠርዝ ሲዳብስ ቆሜ አየሁ፤ እንባዬ መጣ። አሁን በሳምንት ሦስት ሌሊት እሰጣለሁ፤ የተረፈውን ጠዋት አነሣለሁ።

በግንቦት ሌላ ፈተና መጣ። መብራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ እስከ ንጋት አልመጣም፤ ፓምፖቹ ቆሙ፤ ውኃው 30 ዲግሪ ደረሰ። ሁለቱ ኮንቾች ከአሸዋው ወጥተው ወደ ድንጋዩ ጫፍ ለመውጣት ይታገሉ ነበር። ኦክስጅን ማነሱ ነው። የጨው ውኃ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሲሞቅ ደግሞ የባሰ ያንሳል። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በአንድ ስድስተኛ ያህል ዝቅ ስለሚል ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ገንዳው ባሕር ዳርቻ የተቀመጠ ያህል ነው የሚናገረው። ሌሊቱን ሙሉ ከባለቤቴ ጋር እየተፈራረቅን ውኃውን በጆግ እየቀዳን ከላይ መልሰን አፈሰስነው። በማግሥቱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዛሁ። በሞቃት ወራት ደግሞ ቬንትሌተር በውኃው ፊት ላይ አነፍሳለሁ፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። ነገር ግን ትነቱ ይጨምራል፤ የሚተነው ውኃው ብቻ ስለሆነ ጨው ይከማቻል። የጎደለውን የምሞላው ሁልጊዜ ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው።

የባለቤቴ ወንድም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ሦስቱ መሞታቸውን ሲሰማ አዝኖ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ዳር ዳሩን ሞልቷል፤ ስንት ላምጣልህ?» አለኝ። ደግነቱን ባውቅም ለመንኩት፤ እንዳይነካ። ሕያው እንስሳ ከባሕር ማውጣት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ነገርኩት፤ ከዚያም በላይ ያስፈራኝ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሾጣጣ ቀንድ አውጣ የሚባለው መኖሩ ነው። ቅርፊቱ እጅግ ያምራል፤ አፉ ውስጥ ግን እንደ ጦር የሚወረወር መርዛም ጥርስ አለው። ከዝርያዎቹ ሰው የገደሉ አሉ። የኮንች ቅርፊት ከንፈር ወጣ ብሎ የሰፋ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንዱ ዓይን የሚያይበት ጎድጎድ ያለ ስርጉድ አለ። የሾጣጣው ቅርፊት አፍ ቀጥ ያለ ጠባብ ስንጥቅ ነው። ይህን ለሰው የምነግረው ከሩቅ እንዲለይ እንጂ አንሥቶ እንዲያገላብጥ አይደለም።

ለጀማሪ ሁለት ነገር ልጨምር። ድንጋዩን አስቀድማችሁ በመስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጡ፤ አሸዋውን ከዚያ በኋላ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፍስሱ። እኔ አሸዋው ላይ አስቀምጬው ኮንቾቹ ከሥሩ ቆፍረው ክምሩን ናዱት፤ አንድ ኮራል ተሰበረ። ዓሣ ሲታመም ደግሞ መዳብ ያለበትን መድኃኒት በዋናው ገንዳ አትጨምሩ፤ ዓሣውን አውጥታችሁ ለብቻው አክሙ። መዳብ ኮንችን ይገድላል።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሦስተኛ ኮንች እንድንገዛ ጠየቀችኝ። ሜትር ሰጠኋት። ወለሉን ለካች፤ የድንጋዩን ሲሶ ቀነሰች፤ እኔ ለአንድ ኮንች ቢያንስ ይበቃል ብዬ ለያዝኩት 1,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር አካፈለች። ሁለት ወጣላትና ትንሽ ተረፈ። ትራፊውን ደግማ አሰላች፤ ከዚያ እርሳሱን አስቀምጣ የዛሬውን ኖሪ ልቁረጥ አለች።